ሦስተኛው ኩሬ

አቶ ገብረየስ እንጀራውን መሐል ለመሐል ቀደዱና ወጥ ያልነካውን ግማሽ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልለው ከካፖርታቸው ኪስ ከተቱት። ምራታቸው ታቢታ ይህን ያየችው ሁለቱን ክፍሎች በሚለየው መጋረጃ ጥግ ነው። ሰው ሲበላ ተደብቆ ማየት ነውር መሆኑን አጥታው አይደለም፤ ግን ስድስት ወር ሙሉ ይህንኑ ነውር ስትሠራ ከርማለች። ጾም ሲሆን በማታ፣ ጾም ሲፈታ በማለዳ፣ አማቷ ግማሹን ይበላሉ፣ ግማሹን ይጠቀልላሉ፣ ሳህናቸውን ማንም ሳይጠይቃቸው አጥበው ይደፉና «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ይላሉ። ዛሬም እንደዚያው አሉ። እሷም እንደ ወትሮው ከመጋረጃው ወጥታ «አሜን አባባ፤ ሳይጠግቡ ተነሡ እንዴ?» አለች። «ጠግቤያለሁ» አሉና ወንጭፋቸውን ከሚስማሩ አውርደው ወጡ።

ሁለት ሰው ተከባብሮ እንዴት እንደሚኮራረፍ ማየት የፈለገ ወደዚህ ባለሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ብቅ ቢል ይበቃው ነበር። ታቢታ ከሐይቁ ዳር ያለችው የቡሹሎ ልጅ ናት፤ ጴንጤ ናት፤ የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ መዝሙሯን በልቧ ነው የምትዘምረው። አማቷ የወሎ ገበሬ ነበሩ፤ ሌላው እንዳላየ የሚያልፈውን የሰኔን ጾም ሳይቀር የሚጾሙ ኦርቶዶክስ። ባለፈው ኅዳር ከአንድ የድርቅ መጠለያ ወጥተው፣ ሚስታቸውን ቀብረው፣ ብቻቸውን ሀዋሳ ሲደርሱ ልጃቸው ተፈራ የራሱን አልጋ ለቀቀላቸው። ሁለት ወር ሳይቆይ ተፈራ ራሱ ከሌሎች መምህራን ጋር ለሰፈራ ዘመቻ ተላከና ቤቱ ለምራትና ለአማት ቀረ። ታቢታ ሽማግሌውን ደስ ለማሰኘት ያላደረገችው የለም። ለጾማቸው ብላ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት ከፒያሳ በስድስት ብር ገዛች። ጤፍ ኩንታሉ ከመቶ ብር ካለፈ ወዲህ እሷ ራሷ፣ እናቷ ከቡሹሎ በምትልክላት በቆሎ ቂጣ እየጋገረች ስትበላ፣ ለሳቸው ግን እንጀራ አላጓደለችም። እሳቸው ደግሞ ግማሹን ጠቅልለው ይዘው ይሄዳሉ። የት እንደሚያደርሱት ጠይቃ አታውቅም፤ የምታውቀው ይመስላት ነበርና። የጴንጤ እጅ ያበሰለውን መዋጥ ቀፏቸው ለመንገድ ውሻ ይጥሉታል ብላ ቆርጣለች። ይህን ባሰበች ቁጥር ሆድ ይብሳታል። ለባሏ በምትጽፈው ደብዳቤ ግን በየወሩ «አባባ ደህና ናቸው፤ ምግብም ይበላሉ» ትላለች።

ታቢታ የምትሠራው በከተማው ዳር ባለ ኮሌጅ፣ የዓሣ ጥናት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ የሚባለው ከሐይቁ ትንሽ ራቅ ብለው የተቆፈሩ ሦስት ኩሬዎች፣ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን፣ አንድ ሚዛንና አቶ ሙሴ የሚባሉ ተመራማሪ ናቸው። የእሷ ማዕረግ መዝጋቢ ነው። ጥናቱ ለገበሬ የታሰበ ነበር፤ ገበሬው በመሬቱ ላይ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ማርባት ቢፈልግ ምን ቢያበላው ይሻላል የሚል። ጥር መጀመሪያ ላይ በየኩሬው ሁለት መቶ የቆሮሶ ጫጩት ገባ። የመጀመሪያው ኩሬ ፉርሽካ ይበላል። ሁለተኛው ፉርሽካ ከኑግ ፋጉሎ ጋር ይበላል። ሦስተኛው ምንም አይበላም፤ ውሃው ራሱ ያበቀለውን እየለቀመ ይኖራል። መኖው ምን ያህል እንደጠቀመ የሚታወቀው የበላው ካልበላው ጋር ሲተያይ ስለሆነ፣ ሦስተኛው ኩሬ የሌሎቹ መለኪያ ነው። ይህን አቶ ሙሴ ያውቃሉ፣ ታቢታም ታውቃለች። አቶ ገብረየስን የኩሬ ጠባቂ አድርጋ ያስቀጠረቻቸው እሷ ናት። ሥራቸው አባ ኮዳውንና ሌላውን ዓሣ በል ወፍ በወንጭፍ ማባረር፣ ለሁለቱ ኩሬዎች ደግሞ ተመዝኖ የሚሰጣቸውን መኖ መበተን ነው። ወንጭፉን አገራቸው ማሽላ ሲጠብቁ ስለተማሩት እጃቸው አይስትም። ስለ ሦስተኛው ኩሬ ከአለቃቸው የተሰጣቸው ትእዛዝ ምንም እንዳይገባበት የሚል ብቻ ነበር።

ያ ማክሰኞ፣ ሐምሌ ዘጠኝ፣ የመጨረሻው ሚዛን ቀን ነው። ታቢታ ጋሪ ተሳፍራ ስትደርስ ጭቃው ጫማዋን ዋጠው። ሁለት የኮሌጁ ሠራተኞች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው መረብ እየጎተቱ ከየኩሬው ሠላሳ ሠላሳ ዓሣ አወጡ፤ እሷ መዘነች፣ ጻፈች፣ አካፈለች። ቁጥር ትወዳለች። ሰው የሚደብቀውን ነገር ቁጥር አይደብቅም የሚል እምነት አላት፤ ለዚህ ሥራም የሚሆን ሰው እንዲህ የሚያስብ ነው። የመጀመሪያው ኩሬ ዓሣ በአማካይ መቶ አሥራ ስምንት ግራም ሆነ። ሁለተኛው መቶ አርባ ስድስት። ሦስተኛው፣ ምንም ያልበላው፣ መቶ አርባ አንድ። አቶ ሙሴ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉና እንደገና አዩት። በየወሩ የሦስተኛው ቁጥር ሲያድግ እያዩ የደረሱበት ሐሳብ ነበራቸው፤ የሐይቅ ዳር አፈር ለም ስለሆነ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ውሃ ዓሣውን ይመግባል፣ ስለዚህ ገበሬው ለመኖ ሳንቲም ማውጣት የለበትም። በግንቦት ይህን ጽፈው ለበላይ ልከዋል። የበላዮቹ «ያለ መኖ» የሚለውን ቃል በጣም ወደዱት።

ዛሬ በስምንት ሰዓት እንግዶች ይመጣሉ። የቡሹሎ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ደረሰ ሰዎች ይዘው፣ ከፓርቲው ደግሞ ጓድ ሽበሺ የሚባል ካድሬ። ውጤቱ ሲነበብ ማኅበሩ ይስማማል፣ ክረምቱ እንደወጣ የአርባ አባወራ የሐይቅ ዳር በቆሎ መሬት ኩሬ ሆኖ ይቆፈራል። ከአርባዎቹ አንዷ የታቢታ እናት ካሰች ናት፤ ያላት መሬት ያው ነው። ታቢታ በዚህ ከፍቷት አያውቅም። እንዲያውም እናቷ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ቀና ከማለት ወጥታ በዓመት ሁለት ጊዜ ዓሣ እያወጣች አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ስትሸጥ ይታያት ነበር። አቶ ሙሴ «እናትሽ ትመርቀኛለች» ሲሏት ሳቀች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አማቷ ለእንግዶቹ ሲሉ ከካፖርታቸው ላይ ጭቃውን እንዲያራግፉ ልትነግራቸው ወደ ኩሬዎቹ ወረደች። ከመጋዘኑ አጠገብ አጣቻቸው። ከሦስተኛው ኩሬ ማዶ፣ ደንገሉ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጋዜጣው ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል። ጠዋት የጠቀለሏትን ግማሽ እንጀራ በጥፍራቸው ልክ እየቆራረሱ ከአንድ የሰርዲን ጣሳ ጋር ያደባልቃሉ፤ ጣሳው ውስጥ ከተማሪዎች ምግብ ቤት የተለቀመ የዳቦ ፍርፋሪና የሩዝ ቅሪት አለ። ገና እጃቸውን ሳይዘረጉ ውሃው ከፊታቸው ፈላ። ዓሦቹ ተደራርበው፣ አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፍተው፣ ጀርባቸው እየታየ መጡ። ሽማግሌው በዝግታ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የኋለኞቹም እንዲደርሳቸው እያዩ በተኑላቸው።

ታቢታ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ በኋላ ያሳፈራት ግን የማትክደው ደስታ። ውሻ አልነበረም። እጇን አልተጸየፏትም። ስድስት ወር የተሸከመችው ቂም በአንድ ጊዜ ሲወርድላት ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ መቶ አርባ አንድ የሚለው ቁጥር ትዝ አላት።

«አባባ» አለች።

አልደነገጡም። እጃቸውን አራግፈው ተነሡ። «እንጀራሽን አባክኜ ከሆነ ይቅር በዪኝ። ከድርሻዬ ነው እንጂ ከቤት አልነካሁም።»

«እዚህ ምንም እንዳይገባ ተብለው የለም?»

«ተብያለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

አቶ ገብረየስ ጋዜጣውን በአራት አጠፉት። ሥራ የጀመሩ ሰሞን እነዚህኞቹ ለምን እንደማይበሉ አቶ ሙሴን ጠይቀው ነበር። አቶ ሙሴ ብስክሌት ላይ ነበሩ፣ ቸኩለዋል፣ ሳቅ ብለው መለሱላቸው። «ሲራቡ ምን እንደሚሆኑ ለማየት ነው አሉኝ» አሉ አቶ ገብረየስ። «እኔ የተራበ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ማየት አያስፈልገኝም። መጠለያ ሳለን እኛንም እንዲያ አርገውናል። ሚዛን ዛፍ ላይ ሰቅለው፣ የሰው ክንድ በክር ለክተው ጻፉ። በማግሥቱም መጥተው ጻፉ። የሚጽፈው ልጅ ክፉ አልነበረም፤ እህሉ መንገድ ላይ ነው ይለን ነበር። አስካለን ሦስት ቀን መዘኗት። በአራተኛው ቀን የምትመዘን አልሆነችም።»

አስካለ የተፈራ እናት ናት። ስምንት ወር ሙሉ በዚያ ቤት ስሟ ተጠርቶ አያውቅም ነበር። ተፈራ እናቱ እንዴት እንደሞተች አባቱን አልጠየቀም፤ አባትየውም አልነገሩም፤ ሁለቱም ይህን ዝምታ ለሌላው እንደማዘን ቆጥረውት ኖረዋል። ታቢታ ለልጅ እንደሚያስረዱ ሳይሆን ገበሬ ለገበሬ እንደሚያወራ፣ ሦስተኛው ኩሬ ለምን እንደተቆፈረ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ጆሯቸውን ሰጥተው ሰሙ። ማዳበሪያ የነካውን ማሳ ካልነካው ጋር እንደማስተያየት ነው ስትላቸው ወዲያው ገባቸው።

«ይህንን አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ» አሉ።

አንድ ሰው የተባለችው እሷም ናት። በአንድ ጣራ ሥር እያደሩ፣ በአንድ ግቢ እየዋሉ፣ አንድ ቀን ማታ ስለ ሥራው ብታጫውታቸው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት በመጋረጃ ጥግ ስትሰልላቸው ከረመች። በራሷ ተናደደች። እንግዶቹ ለምን እንደሚመጡም ነገረቻቸው፤ አርባ አባወራ በቆሎውን ትቶ ኩሬ እንደሚቆፍር፣ መኖ አያስፈልግም ስለተባለ እንደማይገዛ፣ ዓሣው የጣት ያህል ሆኖ እንደሚቀር፣ በቆሎውም እንደማይኖር።

«የእናትሽም መሬት?»

«የእናቴም።»

አቶ ገብረየስ ጣሳውን ከመሬት አንሥተው አፉን በመዳፋቸው ከደኑት። «በይ ንገሪያቸው» አሉ።

አቶ ሙሴ ንግግራቸውን እየደገሙ አገኘቻቸው። ስትነግራቸው መጀመሪያ አላመኑም፤ ቀጥሎ የቢሮውን በር ዘጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለተማሪ የራሳቸውን መጽሐፍ የሚያውሱ፣ ሠራተኛ ሲታመም ቤቱ ድረስ የሚሄዱ ሰው ናቸው። ግን ፈሩ፤ ፍርሃታቸውም መሠረት ነበረው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይኼ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?» አሏት። «አሻጥር ነው የሚባለው። የመንግሥት ጥናት አበላሸ ይላሉ። ማን ሊያስረዳው ይገባ ነበር አይሉም። አማትሽን ዛሬውኑ ይወስዷቸዋል፤ እኔም የሐሰት ሪፖርት የላከ ሰው ነኝ።»

«እናቴስ አቶ ሙሴ? ሌሎቹስ?»

«በሚመጣው ዓመት ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። ትንሽ ፉርሽካ ጨምሩ እንላለን።»

«በምን ብር ይገዙታል? በቆሎው ከሄደ በኋላ?»

ከመስኮቱ ውጭ የላንድሮቨር ድምፅ ተሰማ። «ሽማግሌው ከመጋዘኑ እንዳይወጡ ንገሪያቸው» አሉ አቶ ሙሴ መነጽራቸውን እያደረጉ። ታቢታ ሄዳ ነገረቻቸው። አቶ ገብረየስ የፉርሽካ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ምን ወሰንሽ?» አላሏትም። ወደ ኩሬዎቹ ስትመለስ መዝገቡን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛው ነበር።

ጓድ ሽበሺ ሰማያዊ ካኪ ለብሷል፤ በእርሻ ነገር ላይ የሚናገር ወጣት ሁሉ እንደሚያደርገው እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል። አቶ ደረሰ ረጅም፣ ባርኔጣቸው ዝናብ የጠጣ፣ ትንሽ የሚያነክሱ ሰው ናቸው። ሦስት ገበሬዎች ከኋላቸው ቆመዋል፤ ታቢታን ሁሉም ያውቋታል፣ የካሰች ልጅ ናት። አቶ ሙሴ ንግግራቸውን አደረጉ። ስለ ለም አፈር፣ ስለ አረንጓዴ ውሃ፣ በራስ ስለ መተማመን ተናገሩ፤ ጓድ ሽበሺ በመጨረሻው ላይ ራሱን ነቀነቀ። አቶ ደረሰ ግን ከኩሬ ኩሬ እየተዘዋወሩ ውሃውን ነው የሚያዩት። ሦስተኛው ኩሬ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ውሃው ደፍርሷል፣ ዓሣ የሚባል አይታይም።

«የታሉ?» አሉ።

«ጠዋት መረብ ገብቶባቸው ተደብቀዋል» አሉ አቶ ሙሴ። «ቁጥሩ ግን መዝገቡ ላይ አለ።»

«እኔ በሬ ስገዛ ወረቀቱን አይደለም የማየው» አሉ አቶ ደረሰ። ገበሬዎቹ ሳቁ። ጓድ ሽበሺ ሰዓቱን አየና «ቁጥሩ ይነበብ» አለ።

ታቢታ መዝገቡን ገለጠች። «አንደኛ ኩሬ፣ መቶ አሥራ ስምንት ግራም» አለች። «ሁለተኛ ኩሬ፣ መቶ አርባ ስድስት ግራም።» ከዚያ ጣቷ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። በአንድ በኩል እናቷ አለች፣ የዛሬ ዓመት ጎተራዋ ባዶ ሆኖ። በሌላ በኩል ጆንያ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ አሉ። ቁጥር አይዋሽም ብላ ታምን የነበረችው ሴት ውሸታም ቁጥር በእጇ ጽፋ ቆማለች። አቶ ሙሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሦስተኛ ኩሬ» አለች ታቢታ።

በዚህ ጊዜ አቶ ገብረየስ ከመጋዘኑ ወጡ። የጠራቸው የለም። ወንጭፋቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ እንግዶቹን በአንገታቸው እጅ ነሥተው፣ በኩሬው ዳር ዳር መጡና ዘወትር የሚቆሙበት ቦታ ላይ ቆሙ። እጃቸው ባዶ ነው። ጥላቸው ውሃው ላይ ወደቀ። ደፍርሶ ጸጥ ያለው ውሃ መጀመሪያ አንድ ቦታ፣ ከዚያ አሥር ቦታ ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያው ከማዶ ዳር ጀምሮ ዓሦቹ ተግተልትለው መጥተው ከእግራቸው ሥር ተሰበሰቡ፣ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው እየተጋፉ ጠበቁ።

አቶ ደረሰ የሚያነክስ እግራቸውን ዘርግተው ቁጢጥ አሉ፤ ዓሦቹን አዩ፣ የሽማግሌውን ባዶ እጅ አዩ። ከብት ሲጠብቁ ያደጉ ሰው ናቸው።

«ማንም የማያበላቸው ከሆነ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እነዚህ ማንን ነው የሚጠብቁት?»

አቶ ሙሴ ወደ ታቢታ ተመለከቱ። ታቢታ ወደ መዝገቡ ተመለከተች።

«እኔን ነው» አሉ አቶ ገብረየስ። «እንዳይበሉ ታዝዤ ነበር፤ አልቻልኩም። አቶ ሙሴ አያውቁም። ልጅቷም አታውቅም።»

«ዛሬ አውቄያለሁ» አለች ታቢታ። እርሳሷን አውጥታ መቶ አርባ አንድ በሚለው ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችና መዝገቡን ለአቶ ደረሰ እንዲታይ አዞረችው። «ሦስተኛው ኩሬ በልቷል። ቁጥሩ አይሠራም። ያለ መኖ ዓሣ እንዲህ ያድጋል ብዬ አልነግራችሁም።»

ጓድ ሽበሺ አቶ ሙሴ የፈሩትን ቃል ተናገረ። አሻጥር አለ፣ ይጣራል አለ፣ ደብተሩን አወጣ። የሽማግሌውን ስም፣ የአባታቸውን ስም፣ የመጡበትን አውራጃ ጠይቆ ጻፈ። ከዛሬ ጀምሮ ከአጥሩ ወዲህ እንዳያልፉ አዘዘ። አቶ ገብረየስ እያንዳንዱን ጥያቄ ቆመው መለሱ፤ ስማቸው ሲጻፍ መቆም የለመዱት ነገር ነበር። አቶ ደረሰ በመሐል ገብተው በቀን ምን ያህል ያበሏቸው እንደነበር ጠየቁ። ግማሽ እንጀራና አንድ ጣሳ ትርፍራፊ መሆኑን ሲሰሙ ወደ ባልንጀሮቻቸው ዞረው በሲዳምኛ አስረዱ፣ ገበሬዎቹም በጣታቸው አሰቡ። «እንግዲህ ያልበላውን ገና አላየነውም» አሉ አቶ ደረሰ በመጨረሻ። «እስክናየው ድረስ መሬታችን በቆሎ ይዘራበታል። ጓድ፣ ሰውዬው አብልተው ነው እንጂ ሰርቀው አይደለም፤ ይህንንም ጻፍልን።» ጓድ ሽበሺ ብዕሩን ከደነ። አልጻፈውም። የጻፈውንም አልሰረዘም።

መኪናው ከሄደ በኋላ አቶ ሙሴ ኩሬው ዳር ብዙ ቆሙ። ሽማግሌው ወንጭፋቸውን አስረክበው፣ ጣሳቸውን ይዘው ከአጥሩ ወጥተዋል። «ሲራቡ ምን እንደሚሆኑ ለማየት ነው ብለዋቸዋል» አለች ታቢታ። አቶ ሙሴ ግንባራቸውን አሹ። «ብዬ ይሆናል። አላስታውሰውም። ቀልድ ነበር» አሉ፤ ያ ቀልድ ከየት አፍ ወጥቶ የት ጆሮ እንደገባ አሁን ሲያስቡት ፊታቸው ተለወጠ። ከዚያ የሚሠራውን አሰቡ። ጥናቱ ከዛሬ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሦስተኛው ኩሬ አሁን በእውነት ምንም አይገባበትም። የሚያምኑት ሰው መቆም አለበት፤ የሚያምኑት ሰው ደግሞ እሷ ናት። ታቢታ እሺ አለች። ለሚቀጠረው አዲስ ጠባቂ ምክንያቱን ራሷ እንደምትነግረውም ነገረቻቸው፤ አቶ ሙሴ ይህን አልተቃወሙም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አማቷ ሁልጊዜ ለሁለተኛ ጊዜ ይመጡበት በነበረው ሰዓት፣ ታቢታ ሦስተኛው ኩሬ ዳር ሄዳ እሳቸው ዘወትር በሚቆሙበት ቦታ ቆመች። ምን እንደሚሆን ታውቅ ነበር፤ ማወቁ አልጠቀማትም። ዓሦቹ ለእሷም መጡ። ጥላው የማን እንደሆነ አልጠየቁም። ስለ አርባው አባወራ መሬት የሚነገረው እውነት የሚወጣው ከዚህ ከተከፈተ አፍ መሆኑን፣ ሌላ መንገድ እንደሌለ ለራሷ ደጋግማ ነገረችው። እውነት ነው። ቢሆንም እጇን ከኋላዋ ደበቀች። ብዙ ቆየች፤ እነሱም ቆዩ። መዝገቡ ላይ ቀኑን ጻፈች፤ ከሥሩ «ምንም አልተሰጠም» ብላ ፈረመች።

ቤት ስትደርስ አቶ ገብረየስ ካፖርታቸውን ሚስማሩ ላይ ሰቅለውታል። ኪሱ ወደ ውጭ ተገልብጦ ፍርፋሪው ተራግፏል። ስለ ካድሬውም ሆነ ነገ ማን ሊመጣ እንደሚችል አላወሩም። ታቢታ እራት አቀረበችና እንደ ልማዷ ወደ መጋረጃው ልትመለስ ስትል ሽማግሌው እንጀራውን መሐል ለመሐል ሲቀዱት አየች። እጃቸው የለመደውን ነው ያደረገው። ግማሹን ይዘው ጋዜጣውን በዓይናቸው ፈለጉ፤ ከዚያ ትዝ አላቸውና እንደያዙት ቀሩ።

«መጡ?» አሉ።

ዋሽታ ልትገላግላቸው ትችል ነበር። «መጡ» አለች።

«ቆዩ?»

«እስክሄድ ድረስ አልሄዱም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የያዙትን ግማሽ እንጀራ በሳህኑ በማዶ በኩል አስቀመጡና ሳህኑን ወደ መሐል ገፉት። «ነይ እንግዲህ፤ አብረን እንብላ» አሉ። ታቢታ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። ከአማቷ ሳህን ስትቆርስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው በሉ፤ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

«ለተፈራ ስትጽፊ» አሉ አቶ ገብረየስ ቀና ሳይሉ፣ «የእናቱን ነገር ጻፊለት። ሦስት ቀን እንደመዘኗት።»

ታቢታ የጎረሰችውን ዋጠች። ከዚያ «እሺ አባባ» አለች።